አሮጌ አምፕ፣ አዲስ ላፕቶፕ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየሮችና (አምፖች) ድምፃቸውን ላፕቶፕ ውስጥ ስለማስቀረት ከወሎ የደረሱን ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉውን ለእነሱ ሰጥተነዋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አጣምረናል፤ ረዘም ያሉትን አሳጥረናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ድሮ በኪነት ቡድን ይጫወትበት የነበረ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ቤታችን ተቀምጧል። ፊቱ ብርማ ነው። ለዓመታት መብራት አላየም። ድምፁን ኮምፒውተር ላይ ማስቀረት እፈልጋለሁ። ሰክቼ ልጀምር? (ከደሴ፣ ሙጋድ)

መልስ፦ አይስኩት። መጀመሪያ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ። ትዊን ሪቨርብ መሸጥ የጀመረው በ1963 ነው፤ እስከ 1967 ድረስ ፊቱ ጥቁር ነበር፣ ብርማው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ የሚቀበለው 117 ወይም 120 ቮልት ብቻ ነው። እኛ ግድግዳ ላይ ያለው 220 ነው። እንዲያው ቢሰኩት ፊውዙ ዕድል ከሰጠዎት ፊውዙ ይሄዳል፤ ካልሰጠዎት ዋናው ትራንስፎርመር ይሄዳል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጉ፤ ለትዊን ከ500 ቪኤ ያላነሰ ይሁን። ለራዲዮና ለመላጫ የሚሸጡት ትንንሾቹ አይችሉትም።

ሁለተኛው አደጋ ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ ናቸው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ለብዙ ዓመት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ውስጡ ይደክማል፤ ድንገት ከ400 ቮልት በላይ ሲመጣበት ይተነፍሳል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማብራት በአምፖል መሆን አለበት። ክሩ የሚግል የድሮ የ100 ዋት አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) ከ220 ቮልቱ በኩል ከአምፑ ጋር በተከታታይ ይገጠማል፤ የአምፑ ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎሉት የመስታወት ቱቦዎች) ወጥተው ይቀመጣሉ። ሲያበሩት አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ወዲያው ያጥፉ።

ክዳኑን መክፈት ካስፈለገ ከፍተኛ ቮልት የለመደ ቴክኒሺያን ይክፈተው። ገመዱ ከግድግዳ ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ሰው የሚገድል ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ባለሙያው ከከፈተው አይቀር ዋና ዋናዎቹን ካፓሲተሮች በአዲስ ይቀይራቸው፤ ድምፁ ይበላሻል ብሎ መስጋት ትርፉ ጉርምርምታ ነው። ባለ ሁለት እግር ገመድ ካለውም በባለ ሦስት ይለውጠውና ኧርዙን ከሻሲው (ከብረት አካሉ) ጋር ያስር።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ የቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ፈጽሞ አይበራም። ትዊን ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ታስረውበት 4 ኦም ነው የሚያየው። ስፒከሩ ተነቅሎ ከተጫወቱበት የውጤት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ እሱ ከሄደ ደግሞ ሊቀዱት የፈለጉት ድምፅ ግማሹ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ካፕቸር የሚሉት ነገር ከተራ ቀረጻ በምን ይለያል? ትልቅ ስቱዲዮ የለኝም። ምን ምን ያስፈልገኛል? (ከወልድያ)

መልስ፦ ቀረጻ የሚያስቀረው የተጫወቱትን ዜማ ነው። ካፕቸር የሚያስቀረው አምፑ የገባለትን ምን አድርጎ እንደሚያወጣው ነው። አንድ የታወቀ የሙከራ ድምፅ ወደ አምፑ ይላካል፣ የወጣው ይቀረጻል፣ ከዚያ ሶፍትዌሩ ሁለቱን እያስተያየ የአምፑን ጠባይ ይማራል። ሲጨርስ ጊታርዎን በላፕቶፕ በኩል በዚያ ጠባይ ይጫወታሉ። በ2011 ብቅ ያለው የጀርመኑ ኬምፐር ይህን በራሱ ማሽን ያደርገዋል፤ ኳድ ኮርቴክስና ቶኔክስ የሚባሉት መሰሎቹ በኋላ መጡ። እኛ የምንመክረው ግን ኒውራል አምፕ ሞደለርን ነው፤ ባጭሩ ናም ይሉታል። ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው።

የሚያስፈልገው፦ ላፕቶፕ፤ የጊታር መግቢያና ቢያንስ ሁለት መውጫ ያለው ሳውንድ ካርድ፤ የሳውንድ ካርዱን ድምፅ ወደ ጊታር መጠን አውርዶ መሬቱን የሚለይ ሪአምፕ ቦክስ፤ አንድ ማይክ። ሪአምፕ ቦክስ ከጠፋ ትራንስፎርመር ያለው ፓሲቭ ዲአይ ቦክስ (ጊታርን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ፣ ያለ መብራት የሚሠራ ሳጥን) ተገልብጦ ይሠራል፤ ግን ሲገለበጥ ድምፁን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚያሳድገው የሳውንድ ካርዱን መውጫ በጣም ዝቅ አድርጎ መጀመር ግድ ነው።

ፕሮጀክቱን 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት አድርጉት። የናም የሙከራ ፋይል 3 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ነው፤ ወደ 27 ሜጋባይት ይመዝናል። ወደ ኤምፒ3 አይቀየርም፣ ድምፁም ከፍ ዝቅ አይደረግም። ለጓደኛ በቴሌግራም ሲላክ ዚፕ ተደርጎ በፋይልነት ይላክ።

አምፑ ላይ ሪቨርቡን (ማስተጋቢያውን) እና ቪብራቶውን (ማወዛወዣውን) ዜሮ አድርጓቸው። ናም ወደ ኋላ የሚያስታውሰው ከሴኮንድ በጣም ትንሽ ክፍልፋይ ብቻ ነው፤ የስፕሪንግ ሪቨርብ ጭራ ለእሱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጫጫታ ነው። ቡና አፍልታችሁ አቦሉን እስክትጠጡ፣ 30 ደቂቃ ያህል፣ አምፑ በርቶ ይሙቅ። ምክንያት አለው፦ ፋይሉ ውስጥ አንዳንድ ክፍሎች ይደገማሉ፤ ሶፍትዌሩ ሁለቱን አስተያይቶ አምፑ መሐል ላይ ጠባዩን ከቀየረ ስሕተት ይላል። ያልሞቀ ቲዩብ የሚያመጣው ይህንኑ ነው።

ማይኩ ኤስኤም57 ከሆነ ከስፒከሩ ጨርቅ 3 ሴንቲሜትር ርቆ፣ መሐል ላይ ያለው ቆብ ጠርዝ ላይ ያነጣጥር። ወደ መሐል 1 ሴንቲሜትር ቢጠጋ ይሾላል፤ ወደ ውጭ ቢሄድ ይደፈናል። ትዊን ሁለት ስፒከር ስላለው ሁለቱን በየተራ ሞክራችሁ አንዱን ምረጡ። ቀረጻው ከፍተኛ ቦታው ላይ ከ-12 እስከ -6 ዲቢ (የድምፅ መጠን መለኪያ፤ ላፕቶፕ ላይ ዜሮ ጣራው ነው) ቢደርስ በቂ ነው፤ ዜሮን ከነካ ድገሙት።

የወጣው ፋይል ርዝመት ከገባው ጋር እኩል መሆን አለበት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ወይ ጭራውን ይቆርጣል፣ ወይ ማስተሩ ላይ ሊሚተር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጨፈልቅ) ረስቶ ይተዋል። ሥልጠናውን በጎግል ኮላብ ማስኬድ ይቻላል፤ የግራፊክስ ካርድ ስለሚያውስ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በተራ ላፕቶፕ ግን ብዙ ሰዓት ነው፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ድካሙ ሜዳ ላይ ቀረ። የሚወጣው ፋይል ከ1 ሜጋባይት ያነሰ ነው።

ያ ፋይል የያዘው ቁልፎቹን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ቮልዩም 4 ላይ የተቀዳ አምፕን ላፕቶፑ ላይ «ወደ 7 ከፍ ላድርገው» ማለት አይቻልም። ቢያንስ 3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 8 ላይ ለየብቻ ቅዱ፤ የእያንዳንዱን ቁልፍ አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሡ። ለትዝታና ለአምባሰል አጨዋወት የሚጠቅማችሁ ድምፁ መሻከር የሚጀምርበት አካባቢ ነው፤ ጣት ሲጠነክር የሚሻክር፣ ሲለሰልስ የሚጠራ። እሱን ለማግኘት በ4 እና በ5 መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ መቅዳት ከ8 በላይ አሥር ጊዜ ከመቅዳት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ መብራቱ ይወርዳል፣ ይወጣል። አንዱ ካፕቸር ደማቅ፣ ሌላው የደከመ ሆነብኝ፤ ቁልፍ ግን አልነካሁም። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር፣ አምፕዎ ደህና ነው። በአብዛኞቹ የቲዩብ አምፖች ውስጥ ቮልቱን የሚያረጋጋ ነገር የለም። የግድግዳው መብራት 10 በመቶ ከወረደ 450 የነበረው የውስጥ ቮልት ወደ 405 ይወርዳል፤ ቲዩቡን የሚያሞቀው 6.3 ቮልትም ወደ 5.7 ይጠጋል። ድምፁ ቶሎ ይሻክራል፣ ባሱም ይላላል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ፈልገው የሚሄዱለት ጊታሪስቶች አሉ፤ ጥፋቱ ድምፁ ላይ ሳይሆን ሳያውቁት መምጣቱ ላይ ነው።

ቴስተር ሶኬቱ ላይ ይሰኩና ከቀረጻው በፊትና በኋላ ያንብቡ። ልዩነቱ ከ3 ወይም ከ4 ቮልት ካለፈ ይድገሙት። የሚያስፈልግዎ የተረጋጋ ጊዜ 4 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሌሊቱ ሲጋመስ ወይም ጎህ ሳይቀድ ይሞክሩ። በሪሌ የሚሠራ ስታብላይዘር መሐል ላይ ቀጭ ብሎ ቮልቱን በአንድ ጊዜ ስለሚዘልለው ለዚህ ሥራ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ለኮምፒውተር የሚሸጠው ርካሽ ዩፒኤስም ባትሪ ላይ ሲሆን ሞገዱ ደረጃ ደረጃ ነው፤ አምፑ ውስጥ ዝዝ የሚል ድምፅ ይጥላል።

ላፕቶፑ ግን በራሱ ባትሪ ይሂድ። ቻርጀሩ ሲነቀል የሚጠፋ ጉርምርምታ ብዙ ነው። ጉርምርምታ ጠላሁ ብሎ የአምፑን ኧርዝ እግር መቁረጥ ግን ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ያወረድኩት የቮክስ ኤሲ30 ካፕቸር እኔ ጋ ሲሆን ከሚገባው በላይ ይሻክራል። ራሴ የቀዳሁትም ከአምፑ ይበልጥ የጮኸ ነው። ፋይሉ ነው ጥፋተኛው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ፋይሉ አይደለም፤ መጠኑ ነው። የቲዩብ አምፕ የገባለት ቮልት እጥፍ ሲሆን ሌላ አምፕ ይሆናል። ካፕቸሩ ሲቀዳ የተላከው መጠንና እርስዎ ሲጫወቱ የሚገባው መጠን ካልተስማሙ ምንም ያህል ጥሩ ቢሠለጥን አይመስልም። የሚያወርዱት ሰዎች ሁሉ ከሚረሱት ነገር ዋናው ይህ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር እናድርገው።

ላፕቶፑ ላይ 220 ኸርዝ ሳይን ድምፅ በ-12 ዲቢ ያዘጋጁ። ከሪአምፕ ቦክሱ ወደ አምፑ የሚሄደውን ኬብል ጫፍ በቴስተር የኤሲ ቮልት ይለኩ፤ 0.775 ቮልት እስኪያሳይ የሪአምፕ ቦክሱን ቁልፍ ያዙሩ። ይህን ካደረጉ የካፕቸርዎ መላኪያ መጠን 12 ዲቢዩ (0.775 ቮልትን ዜሮ ብሎ የሚነሣ መለኪያ) ነው፤ ናም ሲያሠለጥን መጠን የሚጠይቅበት ቦታ ላይ ይህንኑ ቁጥር ይጻፉ። 220 ኸርዝ የመረጥነው ተራ ቴስተር ከፍ ያለ ድምፅ ሲገባለት ስለሚዋሽ ነው። በጣም ርካሹ ቴስተር ግን የኤሲ ክልሉ ከ200 ቮልት ስለሚጀምር 0.8 ከማለት በቀር አይረዳም፤ 2 ቮልት ክልል ያለው ይዋሱ።

አሁን ተገላቢጦሹን ያድርጉ። ያንኑ 0.775 ቮልት ድምፅ ሳውንድ ካርዱ የጊታር መግቢያ ላይ ይሰኩትና ላፕቶፑ -12 ዲቢ እስኪያነብ የጌን ቁልፉን ያዙሩ። ቁልፉ የቆመበትን ቦታ በማርከር ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ በኋላ በዚህ መጠን የተቀዳ ካፕቸር ሁሉ ጊታርዎን አምፑ ላይ በቀጥታ እንደሰኩት ይመልሳል። የሌላ ሰው ካፕቸር ላይ መጠኑ ከተጻፈ የናም ፕለጊን (ላፕቶፑ ላይ ካፕቸሩን የሚያጫውተው ፕሮግራም) ራሱ ያስታርቀዋል፤ ካልተጻፈ ግን ጌኑን በ6 ዲቢ እየቀነሱ በጆሮ መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ሆቴል ሮላንድ ጄሲ-120 አለው። ኮረሱ ልብ ይበላል። እሱን ካፕቸር ማድረግ ይቻላል? (ከላሊበላ)

መልስ፦ አይቻልም፤ ቢቻልም አንመክርም። ጄሲ-120 ከ1975 ጀምሮ የተሠራ፣ ቲዩብ የሌለው አምፕ ነው። ኮረሱ የሚመጣው አንዱ ስፒከር ንጹሑን፣ ሌላው የሚወዛወዘውን አውጥተው አየር ላይ ሲገናኙ ነው። ካፕቸር ደግሞ በጊዜ የሚወዛወዝ ነገር አይማርም። ኮረሱ ሲጠፋ የሚቀረው ንጹሕ ድምፅ ስለሆነ የስፒከሩን አይአር (ስፒከሩና ማይኩ ለድምፁ የሚሰጡትን ቀለም የያዘ አጭር ፋይል) ብቻ ወስዳችሁ ላፕቶፕ ላይ ስቴሪዮ ኮረስ ጨምሩበት። ለመጨረሻው ጥያቄ የሰጠነው መልስ አይአር እንዴት እንደሚወሰድ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ክራሬ ላይ ፒኤዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ፒክአፕ) ለጥፌያለሁ። በጊታር የተቀዳ ካፕቸር ለክራር ይሆናል? ባሱ የት እንደገባ አላውቅም፤ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። (ከባቲ)

መልስ፦ ካፕቸሩ የተቀዳው በሙከራ ድምፅ እንጂ በጊታር ስላልሆነ ለክራርም ይሆናል። ባሱን የበላው የሰኩበት ቀዳዳ ነው። ፒኤዞ ቢያንስ 1 ሜጋኦም የሚያሳየው መግቢያ ይፈልጋል። የሳውንድ ካርዱ «ላይን» መግቢያ 10 ወይም 20 ኪሎኦም ብቻ ስለሆነ የታችኛውን ድምፅ ሁሉ ያፈስሰዋል። «ኢንስት» የሚለውን ይጫኑ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋኦም አካባቢ ነው።

ፌንደር ላይ ለምን ሁለት ቀዳዳ እንዳለ የሚጠይቁም አሉ። ቁጥር 1 ወደ 1 ሜጋኦም ነው፤ ቁጥር 2 ወደ 136 ኪሎኦም ሆኖ ድምፁን በ6 ዲቢ ይቀንሳል። ክራርዎ በቁጥር 2 ሲሰካ ባሱ የሚሳሳው ለዚህ ነው። ይህ የፒክአፑና የቀዳዳው ጉዳይ ስለሆነ ካፕቸሩ ውስጥ አይገባም፤ ሪአምፕ ቦክሱ ለሁለቱም ቀዳዳ ግድ የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ በቁጥር 1 ቅዱ።

ክራር ሲመታ መጀመሪያ ላይ የሚወረወረው ጫፍ ከጊታር ይበልጥ ሹል ነው። ለሐይቁ አንባቢ በተናገርነው የጌን ምልክት ላይ ክሊፕ ካደረገ (ዜሮን ከነካ) ጌኑን 6 ዲቢ ቀንሰው ፕለጊኑ ውስጥ 6 ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ሥልጠናው ሲያልቅ «ኢኤስአር 0.02» አለኝ። ይህ ማለፊያ ነው ወይስ ልድገመው? በጆሮስ እንዴት አረጋግጣለሁ? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ኢኤስአር ስሕተቱ ከድምፁ አንጻር ስንት እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ከ0.01 በታች በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ 0.035 ድረስ የሚያሠራ ነው፤ 0.1 ካለፈ አንድ ነገር ተበላሽቷል ብላችሁ ከኬብሉ ጀምራችሁ ፈትሹ። ቁጥሩ ብቻውን ግን ይዋሻል። ጉርምርምታ ያለበት ቀረጻ ኢኤስአሩን ያሳድጋል፤ ሆኖም ጉርምርምታው ከገባው ድምፅ ጋር ስለማይገናኝ ሞዴሉ አይማረውም፣ ድምፁም ከቁጥሩ የተሻለ ይሆናል። በሌላ በኩል በጣም ለሻከረ አምፕ 0.02 መልካም ውጤት ነው፤ ለንጹሕ አምፕ ግን ያው 0.02 ያሳፍራል።

ጆሮን ለመፈተን አምባሰል በእጃችን ነው። በአምባሰል ቅኝት የመጀመሪያውና ሁለተኛው ድምፅ የሚራራቁት በግማሽ ድምፅ ነው። ጊታር ላይ 3ኛውን ክር በ5ኛው ፍሬት፣ 2ኛውን ክር በ2ኛው ፍሬት ይዛችሁ አንድ ላይ ምቱ። አንዱ ወደ 261.6፣ ሌላው ወደ 277.2 ኸርዝ ነው፤ ልዩነታቸው በሴኮንድ 15 ወይም 16 ጊዜ ይርገበገባል። ጥሩ አምፕ መሻከር ሲጀምር ከዚህ ርግብግብታ ሥር ማጉረምረም ያወጣል። ደካማ ካፕቸር ርግብግብታውን ያድበሰብሰዋል ወይም አሸዋ ይበትንበታል። ሜጀር ኮርድ ቢመቱ ይህን አይሰሙትም፤ ኮርድ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል።

ሁለተኛው ፈተና ዝምታ ነው። አንድ ድምፅ ምቱና እስኪሞት ድረስ አትንኩት። መጨረሻው ላይ ፍዝዝ የሚል ጭራ ካለ ወይም ድምፁ ድንገት ከተቆረጠ ሲቀረጽ መጠኑ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ወይም ሳውንድ ካርዱ ላይ ኖይዝ ጌት (ዝቅ ያለ ድምፅን የሚዘጋ) ተረስቷል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ክረምቱ ሳያልቅ ማይክ ማቆም አልቻልኩም፤ ጎረቤትም በድምፁ ተማሯል። (ከመርሳ)

መልስ፦ ማይኩን ይተዉት፤ ከስፒከሩ ገመድ ይውሰዱ። ስፒከሩ እንደተሰካ ሆኖ ከሁለቱ ጫፎቹ ላይ 10 ኪሎኦም በተከታታይ፣ ከእሱ በኋላ 470 ኦም ወደ መሬት ያስሩና ከ470ው ላይ ያለውን ወደ ላይን መግቢያ ይላኩ። ባለ ግማሽ ዋት ሬዚስተር ይበቃል። ሙሉ የ85 ዋት ትዊን 4 ኦም ላይ ወደ 18 ቮልት ያወጣል፤ ይህ ወደ 0.8 ቮልት ያወርደዋል። የዚህ መንገድ ውበቱ አምፑ እውነተኛውን ስፒከር ተሸክሞ መቀዳቱ ነው። በስፒከር ፈንታ ተራ የሬዚስተር ጭነት ቢያስሩለት የስፒከሩ የታች እብጠትና የላይ መነሣት ይጠፋና ድምፁ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህን ማድረግ የሚፈቀደው የስፒከሩ አንድ ጫፍ ከሻሲ ጋር በተገናኘበት አምፕ ላይ ብቻ ነው። ትዊን እንዲያ ነው፤ ብዙ ዘመናዊ ትራንዚስተር ማጉያዎች ግን በብሪጅ የተሠሩ ስለሆኑ አንዱን ጫፍ መሬት ካስነኩት ይቃጠላሉ።

ጩኸቱን በተመለከተ፣ ቀረጻው ከ4 ደቂቃ አይበልጥም፤ ስፒከሩ ፊት ፍራሽ አቁመው ዙሪያውን በብርድ ልብስ ይሸፍኑት፤ የአምፑ ጀርባ ግን እንዲተነፍስ ክፍት ይሁን።

በዚህ መንገድ የተቀዳው ስፒከር የሌለው ድምፅ ስለሆነ ብቻውን ሲሰማ ጆሮ ይቧጥጣል። ዝናብ ባቆመበት አንድ ጠዋት አምፑን በጣም ዝቅ አድርገው፣ ነጻ በሆነው ሩም ኢኪው ዊዛርድ ከታች እስከ ላይ የሚጠርግ የሙከራ ድምፅ ይላኩ። በአንዱ መግቢያ ሬዚስተሮቹን፣ በሌላው ማይኩን ይለኩ። ከዚያ ፕሮግራሙ ውስጥ የማይኩን ልኬት በሬዚስተሮቹ ልኬት ያካፍሉት፤ እንዲህ የአምፑ ቀለም ሁለት ጊዜ አይገባም። የወጣውን አይአር በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ200 ሚሊሴኮንድ ቆርጠው ዌቭ አድርገው ያስቀምጡና ናም ፕለጊኑ ላይ ከካፕቸሩ ቀጥሎ ይጫኑት።